ሰላምታ የማያውቀው ሞደም

ሚያዝያ 4 ቀን
ከወንዙ ጣቢያ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ በሰው አገር ወደብ የመርከብ ራዲዮ ለምትጠግነው፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የምታድርበት ጣሪያ፣ የምትረግጠው መሬት ሁሉ ሰላም ይሁንልህ። እኛ እግዜር ይመስገን፣ ወንዙም እኛም በልካችን ነን።

እስከዚህ ድረስ ያስጻፉኝ አያቴ አባባ ናቸው። መነጽራቸው ላይ ከተቀመጡበት ቀን ጀምሮ የቤቱ ጸሐፊም አንባቢም እኔ ነኝ። ሌላ ስድስት መስመር ሰላምታ ነበረ፤ ወረቀቱ ስላሳዘነኝ ዘልዬዋለሁ። አሁን የወንዙን ልክ ሊያዩ ስለወረዱ ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው።

እኔን አያውቁኝም። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው የተወለድኩት፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አባባ “ፌንጣ” ይሉኛል። እርስዎን “ሽቦ” ይሉዎት እንደነበር ሰምቻለሁና ተቀያይመን አንቀርም። እናቴ ከተማ ነርስ ናት፤ አባባን እንድጠብቅ ነው እዚህ የተወችኝ። አባባ ግን እኔን እየጠበቁ ያሉ ይመስላቸዋል። አላሳፍራቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ወንዙ ውስጥ ከተተከለው መለኪያ ቁጥር አንብበው፣ ልክ አንድ ሰዓት ላይ በአጭር ሞገድ ራዲዮ ለመሥሪያ ቤቱ ይናገራሉ። ከታች ያሉት መንደሮች ውሃው ሳይደርስባቸው የሚወጡት በዚያ ቁጥር ነው። ባለፈው ወር የነዳጅ መኪናው ሾፌር አንድ ካርቶን ከአንድ ደብዳቤ ጋር አመጣ። ካርቶኑ ውስጥ ያረጀ ላፕቶፕ፣ ሞደም የሚባል፣ ጽሑፍን ወደ ፉጨት ቀይሮ በራዲዮ የሚልክ ጥቁር ሳጥን፣ ጫፉ ተቆርጦ የተላጠ ገመድ። ደብዳቤው ደግሞ፦ ከሰኔ 30 በኋላ በድምፅ የሚመጣ ልክ አንቀበልም፤ እስከዚያ በሞደም የሙከራ መልእክት ያላደረሰ ጣቢያ ይዘጋል፤ ቤቱም ይመለሳል። ቤቱ ማለት ይኸው እኔ ተቀምጬ የምጽፍልዎት ነው። አባባ ሌላ ቤት የላቸውም።

የሚገጥም ሰው ግን አልላኩም። አባባ ሳጥኑን አገላብጠው አዩና፣ “ሰው ሲናገር የማይሰማ መሥሪያ ቤት ሳጥን ሲያፏጭ ሊሰማ ነው?” ብለው አልጋ ሥር ገፉት። አወጣሁት። ገፉት። አወጣሁት። ካርቶኑ እስካሁን ከእኔ የበለጠ ጉዞ አድርጓል።

እናቴ፣ “ራዲዮ የሚያውቅ ዘመድ አንድ ብቻ ነው ያለን” ብላ አድራሻዎን ሰጠችኝ። “ለአባባ እንዳትነግሪ” አለች። ከዚያ “ንገሪያቸው” አለች። ነገርኳቸው። እሳቸውም ያንን ሁሉ ሰላምታ አስጻፉኝ።

ገመዱ አምስት ቀለም አለው። ራዲዮው ከኋላው ክብ ሶኬት፣ ሶኬቱ ስምንት ቀዳዳ። የቱ የት ይገባል?

ፌንጣ


ሚያዝያ 24 ቀን
ከወደቡ

ለፌንጣ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም። ለአባባ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ።

እርስዎ ማለቱን ተይው፤ እዚህ እርስዎ የሚባለው የመርከቡ ካፒቴን ብቻ ነው፣ እሱም ሲቆጣ። አንተ በይኝ።

አንቴናው ሳይታሰር ማስተላለፊያውን እንዳትነኩ።

ቀለሙን አትመኚው። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቀለም አለው። የሶኬቱን ቀዳዳዎች በቁጥር ሣይልኝ ማለት ጊዜ ይፈጃል፤ የዚያን ራዲዮ ዓይነት ስለማውቀው እኔ ሥዬ አያይዣለሁ። የሚያስፈልጉሽ አራት ናቸው። አንዱ ከሞደሙ ወደ ራዲዮው ድምፅ ይወስዳል። አንዱ ከራዲዮው ወደ ሞደሙ ይመልሳል። አንዱ ራዲዮውን “አሁን ላክ” ብሎ ያዛል፣ ማለት አባባ በአውራ ጣታቸው የሚጫኑትን ቁልፍ ይተካል። አራተኛው “መሬት” የሚባለው፣ የሁሉም መመለሻ ነው። አምስተኛውን ጠቅልለሽ በፕላስተር እሠሪው፣ ምንም እንዳይነካ። ሞደሙ ኃይል የሚያገኘው ከራዲዮው ባትሪ ነው፤ መደመሪያና መቀነሻውን ሁለቴ እዪ።

ደግሜ፦ አንቴናው በእጅ እስኪጠብቅ ድረስ ካልታሰረ ማንም ምንም አይጫን። ራዲዮውን ለማቃጠል አንዲት ሰከንድ ትበቃለች።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። ራዲዮው ከመብረቁ በኋላ የመጣው ነው አይደል? የአባባስ እግር እንዴት ነው?

አንቴናውን አትርሱ።

የእናትሽ የአክስት ልጅ


ግንቦት 9 ቀን
ከወንዙ ጣቢያ

ለጋሼ ሽቦ፤

አባባ እንዳሉት፦ ፈጣሪ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ንፋስ ይሰውርህ፣ ያሰብከው ይሙላልህ። (ዘጠኝ መስመር ወደ አንድ። እየበረታሁ ነው።)

አንቴናውን ሦስት ጊዜ ነግረኸናል፤ በፖስታው ጀርባ ላይ የጻፍከውን ካልቆጠርኩ። አባባ ሦስቱንም ሳነብላቸው ጊዜ ሳይስቁ፣ ሳይቆጡ፣ “ይንገረን። ደግ ነው” አሉ። ለእኔ ጨው ሁለቴ ጨመርሽ ብለው ግማሽ ቀን ይመክሩኛል!

ገመዱን በየድኩ። የመበየጃ ካውያ ስለሌለን ምስማር በከሰል አግዬ ነው። አባባ ከጀርባዬ ቆመው፣ “አይደለም፣ ወደ ግራ… ተይ እጅሽን… እኔ በልጅነቴ…” እያሉ አመራሩን ሰጥተዋል። በልጅነታቸው ካውያም ምስማርም አልነበረም፤ ዝም ብዬ ሰማሁ። አራቱም ገቡ። ላፕቶፑ ሞደሙን አወቀው፣ ራዲዮው የሰማውን ሁሉ ለላፕቶፑ ያሳብቃል። ችግሩ መላክ ላይ ነው። ሞደሙ ገና ማፏጨት ሲጀምር ላፕቶፑ ያብዳል። ቀስቱ ብቻውን ይሮጣል፣ ከዚያ ድርቅ። አባባ፣ “ነግሬሽ ነበር፤ ሰው መሆን ያምረዋል” አሉ።

ለጥያቄዎችህ፦ አዎ፣ ራዲዮው ከመብረቁ በኋላ የመጣው ነው። እግራቸው ሰማይ ሲጠቁር ያስነክሳቸዋል። ያኔ ራዲዮው በመብረቅ ሲቃጠል፣ ቁጥሩን ለማድረስ እስከ ስልክ ቤት አንድ ቀን ተኩል ጭቃና ውሃ ውስጥ በእግራቸው መሄዳቸውን ሰው ሁሉ ያወራዋል። ሁለት የእግር ጣታቸው የቀረው ያኔ ነው። እሳቸው ግን ስጠይቃቸው “መብረቅ ነው” ብለው ይወጣሉ። ዝናብ ቢኖርም ይወጣሉ።

አሮጌው ራዲዮ ዕቃ ቤት አለ። ፈታሁት። (እንዳትነግራቸው።) ኃይል አውጪዎቹ ትራንዚስተሮች ጠቁረዋል። ፊውዙ ግን ደህና ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የመብረቅ መከላከያም አንዲት ጠባሳ የለውም። ጋሼ፣ መብረቅ በር ሳይነካ ነው እንዴ ቤት የሚገባው?

ዝናቡ እያንዣበበ ነው። ሃምሳ አንድ ቀን ቀርቶናል።

ፌንጣ


ግንቦት 26 ቀን
ከወደቡ

ለፌንጣ፤

ሰላም ለአንቺና ለአባባ፤ እግራቸውን በሞቀ ውሃ እሺላቸው።

ላፕቶፑ ያበደው ማስተላለፊያው የሚረጨው ሞገድ በገመዱ ተመልሶ ስለገባበት ነው። እዚህ ፖስታ ውስጥ አንድ ጥቁር የብረት ቀለበት አለ። ሞደሙን ከላፕቶፑ የሚያገናኘውን ገመድ ስድስት ዙር ጠምጥሚበት፣ በተቻለ መጠን ወደ ላፕቶፑ አስጠግተሽ። ራዲዮውን ደግሞ በወፍራም ሽቦ ከመሬት አገናኚው።

የራዲዮውን ኃይል ወደ ግማሽ አውርጂ። ሰው ሲናገር ይተነፍሳል፤ ሞደም አይተነፍስም፣ ራዲዮውን ያግለዋል። ድምፅ የሚያጠነክረውን ቁልፍ አጥፊ። ከዚያ የሞደሙን ድምፅ ከዜሮ ተነስተሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪ፤ የራዲዮው መርፌ ገና ንቅንቅ ሲል አቁሚ። የጮኸ ሁሉ አይሰማም።

ሰኔ 15፣ በእናንተ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከዚህ ሆኜ በሞገዳችሁ ላይ አዳምጣለሁ። ብቻ ላኪ።

ስለ አሮጌው ራዲዮ ላነሳሽው፣ ወረቀቱ አለቀብኝ።

አንቴናውን።

የእናትሽ የአክስት ልጅ


ሰኔ 10 ቀን
ከወንዙ ጣቢያ

ለጋሼ ሽቦ፤

አባባ ሰላምታ እየደረደሩ ሾፌሩ ክላክስ እያደረገ ነው፤ “ሰላም” ብሎ ይብቃ አልኳቸው፣ ተቀየሙኝ።

ቀለበትህ ደረሰ። ከፖስታው ሲወድቅ አባባ አንስተው፣ “ምነው፣ ሽማግሌ ሳይልክ?” አሉ። ላፕቶፑን አገባሁበት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጨዋ ሆኗል።

ግን አልሄደም። ሦስት ጠዋት ሞከርን። የመሥሪያ ቤቱ ማሽን አንዴ “ሰማሁ” ብሎ ይመልሳል፣ እኛ ልካችንን ስንጀምር ይጠፋል። መርፌው ልክ አንተ እንዳልከው ነው። ኃይሉ ግማሽ ነው። አንቴናው ታስሯል፤ ጠዋት ጠዋት አባባ ራሳቸው ነክተው ያዩታል። እኔ ላፕቶፑ ፊት፣ እሳቸው ከጎኔ ማይክራፎናቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው። ምን ቀረ?

ውሃው ትናንት 1.62 ነበር፤ ዛሬ 1.90። ቀይ መስመሩ 2.50 ላይ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬ በድምፅ፣ “አባት፣ ከእናንተ የሙከራ መልእክት አልደረሰንም፤ ዕቃ መሸከፍ ቢጀምሩ ይሻላል” አላቸው። አባባ አመስግነው፣ የልጆቹን ጤና ጠይቀው ዘጉ። ከዚያ ወጥተው ከቤቱ ግድግዳ ላይ ጭቃ በጣታቸው ሲፍቁ አየሁ። ፍቀው ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ጀመሩ።

ደግሞ “ወረቀቱ አለቀብኝ” ካልክበት በታች አራት ጣት ባዶ ቦታ ነበር። ለክቼዋለሁ። የልክ ጠባቂ የልጅ ልጅ ነኝ።

ፌንጣ


ሰኔ 15 ቀን
ከወደቡ፣ በመርከበኛ እጅ

ለፌንጣ፤

ሰላምታው ይቆየን። ይህ ከ30 በፊት መድረስ አለበት።

ሰማኋችሁ። ሞደሙ ጥርት ብሎ ጀመረ፤ ገመድሽ እንከን የለውም። ከዚያ ከፉጨቱ ሥር የሰው ድምፅ መጣ። “እንደምን አደራችሁ፣ ቤተሰብ ደህና? ውሃው ዛሬ…” ይላል። አባባ ናቸው። ያ ራዲዮ ያረጀ ነው፤ ሞደሙ ከኋላ ሲያዘው የፊቱን ማይክራፎን አይዘጋውም። ሳጥኑ ቁጥር ሲቆጥር አባባ ከላዩ ሰላምታ ይሰጡበታል፤ ያኛው ማሽን የቱን ይስማ? ማይክራፎኑን ከሶኬቱ ንቀይው። ሌላ ምንም አልቀረም።

ከዚህ በታች ያለውን ለአባባ አታንብቢ።

ድምፃቸውን ከሰማሁ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ያንን “ቤተሰብ ደህና” ስሰማ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። አለቃዬ “ምን ተበላሸ?” አለኝ።

መብረቅ አልነበረም። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። የራሴን አንቴና ልሞክር ብዬ የጣቢያውን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አባባ ከወንዙ ዘገዩ፤ አንድ ሰዓት ሆነ። መለኪያውን ቀደም ብዬ አይቼ ስለነበር ቁጥሩን እኔው ልናገር፣ ጎበዝ ልባል ብዬ፣ ምንም አንቴና አለመታሰሩን ረስቼ ቁልፉን ተጫንኩ። የተቃጠለ ሽታ ብቻ። ደንግጬ ወጥቼ ሮጥኩ። ስመለስ አንቴናው ቦታው ላይ ታስሮ ነበር፤ መቼ እንዳሰርኩት እንኳ አላስታውስም። አባባ ሞከሩት፣ አልሠራም። ጫማቸውን አጠለቁ። ተመልሰው ለመሥሪያ ቤቱ “መብረቅ ነው” አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ሦስት ወር ያንን እግር በጨርቅ ሲጠቀልሉ አየሁና ሄድኩ።

ባለፈው ወረቀት ላይ ባዶ የተውኩት ቦታ ይኸው ሞላ።

ሽቦ


ሰኔ 29 ቀን
ከወንዙ ጣቢያ

ለጋሼ ሽቦ፤

ደብዳቤህ የደረሰው ሰኔ 27 ነው፤ ሾፌሩ ጭቃውን ጥሶ ለእኛ ብቻ መጣ። ላዩን ለአባባ አነበብኩላቸው፣ ታቹን አጠፍኩት።

“ማይክራፎኑ ይነቀል ይላል” አልኳቸው።

“ሰላም ሳልል ቁጥር ልወርውር? እኔ ባለጌ ነኝ?”

“አባባ፣ እዚያ ያለው ማሽን ነው። ቤተሰብ የለውም።”

“አንቺ በምን አወቅሽ?”

ይህን ሰው አሳምኚ ተብዬ ብጠየቅ ወንዙን ማሳመን እመርጣለሁ። ማይክራፎኑን ትራስ ሥር አድርገው ተኙ። አዎ፣ ጋሼ፣ ትራስ ሥር።

በነጋታው ከመለኪያው ሲመለሱ ልብሳቸው እስከ ወገብ ርሷል። “ሁለት ከሰባ አራት” አሉ። ከቀይ መስመሩ በላይ መሆኑ ነው፤ የመንደሮቹ ሰው ቁርሱን እየበላ ነው። ማይክራፎኑን ይዘው ተጣሩ። ሰማዩ ከዳር እዳር ይንኳኳ ስለነበር ራዲዮው እንደ መጥበሻ ይንጫጫል። “እንደምን አደራችሁ፣ ሁለት ከሰባ አራት!” “ጣቢያ… አልተሰማም… ድገሙ።” “ቤተሰብ ደህና? ሁለት ከሰባ አራት!” “አልተሰማም።” አሥራ አንድ ጊዜ ደገሙ። ሰባተኛው ላይ ሰላምታውን ተዉት፤ ያኔ ፈራሁ። አሥራ አንደኛው ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀና ቀረ።

ከዚያ እግራቸውን አዩ። ጫማቸውንም አዩ። ተነስተው ወደ ጫማቸው ሁለት እርምጃ ሄዱ።

“አባባ” አልኩ።

ቆሙ። ተመለሱ። ማይክራፎኑን በገዛ እጃቸው ከሶኬቱ ነቀሉት፤ ነቅለው ደረታቸው ላይ ያዙት። “እሺ ፌንጣ፣ ይፏጭ” አሉ።

ሞደሙ ጀመረ። ያኛው መለሰ። ጠፋ። ሞደሙ ደገመ፣ ጠፋ፣ ደገመ። ጋሼ፣ ይህ ሳጥን እንደ አባባ ግትር ነው፤ ሳይሰሙት አይለቅም። አባባ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ በተነቀለው ማይክራፎን ሰላምታ እየሰጡ ነው። አራት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ አንድ ቃል፦ ደርሷል።

ሲመሽ ሾፌሩ ከታች መጣ። ሰዉ ከነከብቱ ኮረብታ ላይ ነው። የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሄዷል፤ ሰው አልሄደም። መሥሪያ ቤቱም በሞደሙ “የጣቢያው ሙከራ ተቀባይነት አግኝቷል” ብሎ ጻፈ። ሙከራ! አባባ፣ “ሙከራስ እነሱን መታገሡ ነው” አሉ። ቤቱ የእኛው ነው።

ፋኖስ ለኩሼ ስቀመጥ፣ “አሁን የዘለልሽውን አንብቢልኝ” አሉኝ።

“ምን ዘለልኩ?”

“ሽቦ ‘ሌላ ምንም አልቀረም’ ብሎ ደብዳቤ ጨርሶ አያውቅም። ደግሞ ወረቀቱን ስታጥፊው ጆሮሽ ቀላ።”

አታንብቢ ብለኸኝ ነበር። አነበብኩ። በእኔ ተቀየም፤ እኔ ወጣት ነኝ፣ ያልፍልኛል። አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰሙ። “ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት” ከሚለው ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። “መቼ እንዳሰርኩት እንኳ አላስታውስም” ከሚለው ስደርስ ግን እጃቸውን አነሱ።

“እሱ አላሰረውም። እኔ ነኝ ያሰርኩት” አሉ። “ከወንዝ ስመጣ ልጁ የለም፣ ጫፉ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፣ ቤቱ ይሸታል። የመሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ ቢያየው ልጁን እስር ቤት ይከቱታል ብዬ አሰርኩት። መብረቅ አልኩ። መብረቅ አይታሰርም።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩትም?”

“ራሱ እስኪነግረኝ ጠበቅኩ።” የፋኖሱን ክር ዝቅ አድርገው፣ “ዘገየ። መንገዱም ሩቅ ነው” አሉ።

ዛሬ ጠዋት ልኩን ካስተላለፍን በኋላ ላንተም አንድ መልእክት በሞደሙ እንድልክ አዘዙኝ። እናቴ የኢሜይል አድራሻህንም ሰጥታኝ ስለነበር በመሥሪያ ቤቱ ማሽን በኩል ልኬዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ደርሶሃል። ሰላምታ ልጨምር ብላቸው፣ “ተይው፤ ያ ሳጥን ሰላምታ አያውቅም” አሉ። በሕይወታቸው ለዘመድ ያለ ሰላምታ የላኩት የመጀመሪያው ቃል ነው። ምናልባት ማሽኑ ፊደል አጉድሎበት እንደሆነ ብዬ፣ እንዳስጻፉኝ ይኸው፦

“ውሃው 2.31፣ እየጎደለ ነው። አንቴናው ታስሯል። ና።”

ፌንጣ